አራት ቀዳዳ አለው፣ ግን አይገጥምም፦ ለአባቴ አሮጌ ተሳቢ ተጠባባቂ ጎማ ፍለጋ

የአባቴ ተሳቢ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አንዲት አሮጌ ተሳቢ አለችኝ። ከአባቴ ነው ያገኘኋት። ባለ አንድ አክስል ናት፤ ጎኗ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ጣውላ። ማን እንደሠራት የሚናገር ምንም ጽሑፍ የላትም። የስም ሰሌዳ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ባለፈው ሳምንት ሙሉ ጭነት ይዤ ስሄድ የቀኝ ጎማዋ ፈነዳ። ተጠባባቂ የለኝም። አባቴም ኖሮት አያውቅም። ጭነቱን የሚያወርድልኝ ሰው ለምኜ፣ ተሳቢዋን መንገድ ዳር ትቼ ገባሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያኔ ነው ሁለተኛ ያለ ስኮርታ፣ ማለትም ያለ ተጠባባቂ ጎማ፣ ላልወጣ የማልኩት።

በማግስቱ ከአንዲት አነስተኛ የቤት መኪና የተፈታ ጎማ አገኘሁ። ቀዳዳው አራት፣ የተሳቢዋም ብሎን አራት። ቁመቱም ተቀራራቢ ነው። ሰካሁት፣ ገባ። የመጀመሪያው ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚዞረው ማሰሪያ) በጣቴ ዞረ፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ መክበድ ጀመረ። አራተኛው ጭራሽ ጠመም ብሎ ነው የያዘው። በመፍቻ ስጎትተው እሱም ገባ። ከገባ ሆነ ብዬ ጭኜ ተነሳሁ።

ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ከኋላ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ ሁለቱ ዳዶዎች ላልተዋል። ያለ መፍቻ፣ በእጄ ነው የዞሩት። ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የተገጠመበትን ብረት፣ ፈትቼ ገልብጬ አየሁት። የሁለቱ ቀዳዳዎች ጠርዝ በአንድ ወገን ብቻ ተፍቆ አብረቅርቋል። በሌላው ወገን ቀለሙ እንዳለ ነው። አንዱ ብሎን ላይ፣ ጥርሱ መሃል ለመሃል፣ የብረት ብናኝ ተጠቅጥቋል። ይህን ሳይ ጉልበቴ ራደ። ጎማው ወልቆ ከኋላዬ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢያገኝስ ኖሮ?

አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጎማው ለምን አልገጠመም? ትክክለኛውን ለማግኘት ምን ምን ልለካ? ቀዳዳውን ትንሽ አስፍቶ መጠቀምስ ይቻላል? አንድ ወዳጄ ቶርኖ ቤት ወስደህ አስፋው ብሎኛል። ያልፈነዳው ጎማ ላይ የሚነበበው 5.30-12 የሚለው ብቻ ነው። ከአንዱ ብሎን እስከ ተቃራኒው በሜትር ስለካ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከዚያ በላይ ማጥራት አልቻልኩም።

ጎሚስታው

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ከሁሉ በፊት ያንን ቸርኬ ከተሳቢዋ አርቀው። ብሎኖቹንም ለጊዜው አትመናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

በጎማ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ሁለት ዳዶ በጣት ገብቶ ሦስተኛው ሲከብድ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ከቸርኬው ክብ ጋር አንድ አይደለም። ያ ክብ በብሎኖቹ መሃል ለመሃል ነው የሚለካው። ባለ አራት ብሎን ትናንሽ መኪኖች ላይ በጣም የተለመደው 100 ሚሊ ሜትር ነው። በኢንች የተሠሩ ትናንሽ ተሳቢዎች ላይ ደግሞ 4 ኢንች ነው፤ ይህም 101.6 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ልዩነቱ 1.6 ሚሊ ብቻ። ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ስለሚል ቸርኬው ሰተት ብሎ ይገባል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ዳዶውን አገላብጠህ እየው። አፉ ሾጣጣ ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ጠርዝም በዚያው ልክ ተጎድጉዷል። ሾጣጣው ጉድጓዱ ውስጥ ሙሉ ዙሪያውን ሲቀመጥ ነው ቸርኬው የሚያዘው። ቀዳዳው ወደ ጎን ትንሽ ከሸሸ ሾጣጣው በአንድ ወገን ብቻ ይነካል። አብረቅርቋል ያልከው ጠርዝ ይኸው ነው። መጀመሪያ የገቡት ዳዶዎች ቸርኬውን ወደ ራሳቸው ስበውታል፤ ልዩነቱ በተቀሩት ላይ ወድቋል። መፍቻው ስለከበደህ የጠበቀ መሰለህ እንጂ ብሎኑን እያጎበጥከው ነበር። ጎማው በዞረ ቁጥር ይላወሳል፤ ሲላወስ ዳዶው ይላላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሜትሩን ተወውና ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ) ያዝ። ዳዶዎቹን ሁሉ ፍታ። ከአንዱ ብሎን ውጫዊ ጠርዝ እስከ ተቃራኒው ብሎን ውጫዊ ጠርዝ ለካ። ከዚያ ላይ የአንዱን ብሎን ውፍረት ቀንስ። የቀረው መሃል ለመሃል ነው። ብሎንህ ግማሽ ኢንች ከሆነ ውፍረቱ 12.7 ነው። ከውጭ ለውጭ 114.3 ካገኘህ፣ ሲቀነስ 101.6 ይመጣልሃል። መቀነሱን እንዳትረሳ። 114.3 ራሱ በአራት ብሎንም በአምስት ብሎንም ያለ የታወቀ ልክ ነው። ሳይቀንስ ተናግሮ የተሳሳተ ቸርኬ ተሸክሞ የመጣ ሰው ገጥሞኛል።

ባለ አምስት ብሎን ተሳቢ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒ ብሎን ስለሌላችሁ የሁለት ጎረቤታሞችን መሃል ለመሃል ለክታችሁ በ1.7 አባዙት። 67.2 ካገኛችሁ ክቡ 114.3 ነው። 65.8 ካገኛችሁ 112 ነው። በለካችሁት ላይ የአንድ ሚሊ ስህተት ሌላ ቸርኬ ያስገዛችኋል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ለኩ።

የብሎኑን ጥርስም አጣራ። 12 ሚሊ የሆነ ዳዶ ግማሽ ኢንች ብሎን ላይ አይሄድም። ተቃራኒው ነው አደጋው። የግማሽ ኢንች ዳዶ 12 ሚሊ ብሎን ላይ ይገባል፤ ልል ሆኖ ነው የሚገባው። ስታጠብቀው ጥርሱ ይበላል። ዳዶውን በጣትህ እስከ መጨረሻው አዙረው። ከተንገጫገጨ የዚያ ብሎን ዳዶ አይደለም።

ቀዳዳ ማስፋቱን እርሳው። ሲሰፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ የተጎደጎደ ጠርዝ ነው። እሱ ከጠፋ ዳዶው የሚቀመጥበት የለውም። ስንት ብልህ ቶርኖ ሠሪ ቢይዘውም አይመለስም።

ብሎኖቹን አራቱንም ቀይር። ላልቶ የተጓዘ ብሎን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ብዙዎቹ ከኋላ ተጠቅጥቀው የገቡ ስለሆኑ ከፊት ሲመቱ ይወጣሉ።

ባሌስትራ

ጎሚስታው የብሎኑን ነገር ጨርሰውታል። እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። የብሎኑ ክብ ልክ ሆኖም የመኪና ጎማ ተሳቢ ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

መጀመሪያ የመሃሉን ቀዳዳ እይ። የተሳቢ ሞዞ፣ ማለትም ብሎኖቹ የተተከሉበት የሚሽከረከረው ክፍል፣ ግራሶ የሚይዝ ቆብ መሃሉ ላይ አለው። ቆቡ ወደ ውጭ ይወጣል። የአንዳንድ መኪና ቸርኬ መሃል ጠባብ ስለሆነ ቆቡን አያሳልፍም። ቸርኬው ቆቡ ላይ ተደግፎ ከቆመ ደግሞ ሞዞው ፊት ላይ ልጥፍ ብሎ አልተቀመጠም ማለት ነው። ወረቀት በመሃላቸው ካለፈ አትጠቀምበት።

እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። የመኪና ቸርኬ ላይ ኢቲ 35፣ ኢቲ 40፣ ኢቲ 45 የሚል ተቀርጾ ታያለህ። ከጀርመንኛ የመጣ አጠራር ነው። ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ስፋት እኩሌታ ምን ያህል ሚሊ ወደ ውጭ እንደወጣ ይነግርሃል። የብዙ ትናንሽ ተሳቢዎች ቸርኬ ኢቲ ዜሮ ነው። ስለዚህ ኢቲ 40 የሆነ የመኪና ጎማ ስታስርበት ጎማው 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። የእኔ ተሳቢ ባዶዋን ሳለች ጎማው ባሌስትራውን፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመውን የሚለጠጥ ብረት፣ በአንድ ጣት ርቀት ያልፈው ነበር። በቂ መሰለኝ። ጭኜ ጥቂት መንገድ ከሄድኩ በኋላ የጎማውን ውስጠኛ ጎን በእጄ ዳበስኩት። ዙሪያውን ቀጭን ጭረት አለበት፤ ምላጭ እንደሄደበት። ጭረቱ ውስጥ ነጭ ክር ይታያል። ሸክም ሲበዛ ጎማው ሆዱን ይነፋል፣ መታጠፊያ ላይም ይጋደማል። ያ አንድ ጣት ርቀት ያን ጊዜ አለቀ።

ኢቲው ካልተጻፈ እንዲህ ለካው። ቸርኬውን ፊቱን ወደ መሬት አድርገህ አስተኛው። ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ብረት ጀርባው ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አጋድም። ከዚያ እስከሚታሰርበት ፊት ድረስ ያለውን ጥልቀት ለካ። ጥልቀቱ ከቸርኬው ጠቅላላ ስፋት ግማሽ ጋር እኩል ከሆነ ዜሮ ነው። ከግማሽ ከበለጠ የበለጠው ነው ኢቲው። ያልፈነዳውን ጎማህን ፈትተህ በዚሁ መንገድ ለካውና አዲሱን ከእሱ ጋር አስተያይ።

የአባቴ ተሳቢ

ጋሼ ጎሚስታው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደነገሩኝ ካሊፐር ተውሼ ለካሁ። ከውጭ ለውጭ 114.2፣ ሁለተኛ ስለካ 114.1። ብሎኑ 12.6። ሲቀነስ 101.6 እና 101.5 መጣ። አራት ኢንች ነው ማለት ነው። የመኪናዋ ቸርኬ ላይ ደግሞ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 100 ልክ።

ዳዶውን በተመለከተ፣ የተጠቀምኩት በተሳቢዋ የራሷ ዳዶዎች ነበር። ሦስቱ አሁንም በጣት እስከ ታች ይዞራሉ። አራተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ባሌስትራ ወንድሜ፣ የኔው ቸርኬ ኢቲ ዜሮ ነው፤ ለክቻለሁ። ነገር ግን ባለ 12 ኢንች፣ አራት ቀዳዳ፣ አራት ኢንች ክብ ያለው ቸርኬ ስጠይቅ አብዛኛው ሰው የሚያሳየኝ የመኪናውን ነው። ካላገኘሁ ምን ላድርግ?

አመላላሿ

ወንድሜ፣ እኔ በተሳቢ ነው የምኖረው ብል ማጋነን አይሆንም። ሦስት ነበሩኝ፤ ሁለቱ እንደ አንተዋ ስም የለሽ ነበሩ። አንድ ቸርኬ ፍለጋ ወራት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የገባኝ ነገር አለ። ቸርኬው ከገበያ ከጠፋ ሞዞውን ቀይር። ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ። ያኔ የብሎኑን ክብ አንተ ትመርጣለህ። በቀላሉ የሚገኘውን ትመርጥና ሦስት አንድ ዓይነት ጎማ ትገዛለህ፤ ሁለቱ እግሯ፣ አንዱ ስኮርታ። የግራና የቀኝ ሞዞ የተለያየ ክብ ካላቸው ግን አንድ ስኮርታ ለሁለቱም አይሆንም። ይህን ያልኩት አንዱ ተሳቢዬ እንደዚያ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አንዱን ወገን ብቻ ቀይሮት ነበር። ስለዚህ አንተም የግራውን ለብቻው ለካ። ቀኙ 101.6 ስለሆነ ግራውም ነው አትበል።

ሞዞ ለመምረጥ የሚያስፈልግህ የኩሽኔታው (ሞዞው አክስሉ ላይ የሚሽከረከርበት ክፍል) ቁጥር ነው። የግራሶውን ቆብ አውጣ፣ ኩሽኔታውን አውጥተህ በጨርቅ ጥረገው። ጠርዙ ላይ ደቃቅ ቁጥር አለ። ትናንሽ ተሳቢዎች ላይ ኤል44649 እና ኤል44643 በብዛት ታገኛለህ። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። የመጀመሪያው ውስጠኛ ቀዳዳው 27 ሚሊ ያህል ነው፤ ሁለተኛው 25.4፣ ማለትም ልክ አንድ ኢንች። ቁጥሩን በፎቶ ያዘው፤ በቃል አትሂድ። ውስጠኛውና ውጫዊው የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁለቱንም አንብብ።

አሁን ስለ ጎማው ራሱ። 5.30-12 ላይ በቁጥሮቹ መሃል ያለው ሰረዝ ክሩ በሰያፍ የተዘረጋ የዱሮ ዓይነት ጎማ መሆኑን ይናገራል። በሰረዙ ፋንታ የእንግሊዝኛው አር ካለ ራዲያል የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው። በአንድ አክስል ላይ አንዱን ይህን፣ ሌላውን ያንን አታድርግ። ስኮርታህም እንደ ሁለቱ ይሁን።

የሚሸከመውንም አንብብ። በብዙ ጎማ ላይ ከልኩ ቀጥሎ የጭነት ቁጥር ይጻፋል። 75 ማለት 387 ኪሎ ነው፤ 84 ማለት 500 ኪሎ። ያንተው ዓይነት ጎማ ላይ ደግሞ ክብደቱ ራሱ በጎኑ በጽሑፍ ይቀመጣል። ሁለቱ ጎማ አንድ ላይ ከተሳቢዋና ከጭነቷ ክብደት በላይ መሸከም አለባቸው። ስኮርታ ለትንሽ መንገድ ነው ብለህ ደካማ እንዳትገዛ። ስኮርታው የሚወጣው እኮ ተሳቢዋ ሙሉ ጭና ሳለች ነው!

ዕድሜውንም እይ። ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ መጨረሻው ላይ አራት አሃዝ አለ። 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አትጠቀምበት። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ አልቆ ሳይሆን ላስቲኩ ደርቆ ነው የሚሞተው። ያንተም የፈነዳው እንዲህ ሆኖ ይሆናል። የቁጥሩ መጨረሻ በአንድ ጎኑ ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ውጭ ካጣኸው ውስጡን እይ።

ስምንት ኢንች

አንድ ነገር ብቻ ላስገባ። ስምንት ኢንች ጎማ ያላት ትንሽ ተሳቢ ያላችሁ ሰዎች ቸርኬያችሁ ሁለት ክፋይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ክፋዮች በትናንሽ ብሎኖች ተያይዘዋል። ተሳቢዋ ላይ የሚያስሩት ዳዶዎች ሌላ፣ ክፋዮቹን የሚያያይዙት ሌላ። ጎማው አየር እያለው የኋለኞቹን የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው። መጀመሪያ አየሩን ጨርሳችሁ አውጡ። ለጠያቂው ባይሆንም ሌላ አንባቢ ሊያድን ይችላል ብዬ ነው።

የአባቴ ተሳቢ

ተመልሻለሁ። ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

እህቴ አመላላሿ፣ የግራውን ለካሁ። 101.6። ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ተመስገን። ሞዞ ወደ መቀየሩ ሳልሄድ ቸርኬውን አገኘሁት። የረዳኝ አጠያየቄን መቀየሬ ነው። ዱሮ «የተሳቢ ጎማ አለ ወይ» ነበር የምለው። አሁን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ 12 ኢንች፣ ስፋቱ 4 ኢንች፣ አራት ቀዳዳ፣ ክቡ 4 ኢንች፣ ኢቲ ዜሮ፣ ዳዶው ግማሽ ኢንች፣ ሾጣጣ። ወረቀቱን ያየ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ አመጣው። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ በፈነዳው ፋንታ፣ አንዱ ለስኮርታ። ጎማዎቹም ከነቸርኬያቸው አዲስ ናቸው።

ብሎኖቹን አራቱንም አወጣኋቸው። ሦስቱ በመዶሻ በቀላሉ ወጡ። ያ ብናኝ የነበረበት ግን እምቢ አለኝ፤ በዘይት ነክሬ አሳድሬ ነው የወጣው። ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሳንከባልለው እየተንገዋለለ ሄደ። ጎብጧል። በዓይን አያስታውቅም ነበር። ያን ብሎን አልጣልኩትም፤ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አዲሱን ጎማ ሳስር አራቱም ዳዶዎች በጣቴ እስከ መጨረሻው ዞሩ። ደስታዬን መናገር ያቅተኛል! ከዚያ በተቃራኒ ተቃራኒው እያልኩ፣ ከቸርኬው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አጠበቅኩ። ወረቀቱ ከ15፣ ከ40 እና ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገም ይላል። ከ15 በኋላ ሁለቱ ትንሽ ዞሩልኝ። ከ40 በኋላ አንዱ ብቻ፣ እሱም በጣም ጥቂት። ከ80 በኋላ አንዱም አልተነቃነቀም።

ስኮርታውን አውጥቼ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጊዜ አስሬ ሞከርኩት። ክሪክ ላይ አንስቼ በእጄ አሽከረከርኩት። ባሌስትራውንም ፓራፋንጎውንም (የጭቃ መከላከያውን) በሦስት ጣት ርቀት ያልፋል። ከፊት፣ ከመሳቢያው ብረት ላይ አቆምኩት፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው ሸራ አለበስኩት። የመኪናዬ መፍቻ ለተሳቢዋ ዳዶ እንደማይሆን ያወቅኩትም ያኔ ስለሆነ የራሷን መፍቻ ከስኮርታው ጋር አስሬላታለሁ።

አሁን የቀረኝ የግራው ጎማ ነው። ከውጭ በኩል አራቱ አሃዝ የሉም። ነገ ፈትቼ ውስጠኛ ጎኑን አያለሁ።

ጎሚስታው

ጎበዝ ልጅ። የግራውን ስትፈታ የዚያን ወገን ብሎኖችም በጣትህ ዳዶ እያዞርክ ፈትናቸው። ኩሽኔታውንም አንዴ አሽከርክረህ ድምፁን ስማ።

የአባቴ ተሳቢ

እሺ ጋሼ። አይቼ እጽፍልዎታለሁ።

የአባቴ ተሳቢ

አየሁት። ሦስት አሃዝ ነው ያለው። ኩሽኔታው ድምፅ የለውም፣ ብሎኖቹም ደህና ናቸው። ስኮርታው ለጊዜው በግራው በኩል ታስሯል፤ ሦስተኛውን ጎማ በዚያው ወረቀት አዝዣለሁ። እስኪመጣ ተሳቢዋ ከግቢ አትወጣም።